ባለ ቢጫ ነጠብጣቡ አዞ

ባለፈው ማክሰኞ፣ ከአባቴ ቤት ግድግዳ የወረደውን የአዞ ቆዳ በእርጥብ ጨርቅ ስጠርግ ከጥላሸቱ ሥር ቢጫ ነጠብጣብ ወጣ... በረድፍ በረድፍ የተደረደረ፣ ሰው በብሩሽ የነካካው የሚመስል።

የምጠርገው ደብረ ብርሃን ያለ አንድ ትምህርት ቤት ለሚያዘጋጀው ዐውደ ርእይ ልሰጠው ነበር። መግለጫውንም ጽፌ ጨርሻለሁ፦ «ወንድማችንን ተክሉን የበላው አዞ። አባታችን ገድሎ ያመጣው።»

ታሪኩን አንኮበር ያሉ ዘመዶቻችን ሁሉ ያውቁታል። ተክሉ ገና ጎረምሳ ሳለ ከነጋዴዎች ጋር ቆላ ወረደ። አዋሽ ዳር በቅሎ ሲያጠጣ አዞ ወሰደው። የሚቀበር እንኳ አልተገኘም። አባቴ ጠመንጃውን ይዞ ወረደ፤ ከሁለት ሳምንት በኋላ ይህን ቆዳ በበቅሎ ጭኖ ተመለሰና ደጅ ላይ ቆሞ «የልጄን ደም መለስሁ» አለ። እናቴ እልል አለች። ቆዳውንም ከምድጃው በላይ ሰቀለችው። እኔ የማውቀው አዞ ያ ብቻ ነው። ደገኛ አዞ የት ያያል?

ዕድሜዬን ሙሉ ሳይንስ ያስተማርሁ ሰው ነኝ። ያላረጋገጥሁትን ነገር አልጽፍም። መጽሐፍ ገለጥሁ። የእኛ አገር አዞ ግልገል ሳለ ጥቁር መስመር ይታይበታል፤ ሲያድግ መስመሩ ይደበዝዝና መልኩ ወደ ጥቁር አረንጓዴ ያደላል ይላል። ስለ ቢጫ ነጠብጣብ ግን አንድም ቃል የለም። «እንግዲያው ሌላ ዝርያ ነው» ብዬ ደመደምሁ። ቆዳውን ከነመግለጫው ጠቅልዬ ዩኒቨርሲቲ የሚያስተምር አንድ ጎረቤቴ ዘንድ ሄድሁ። የአርባ ምንጭ ልጅ ነው፤ አዞ እያየ ያደገ።

ጥቅሉን ፈትቶ ሲያይ ፈገግ አለ።

«ይህ የትኛው የአዞ ዝርያ ነው?» አልሁት።

«እማማ... ማነው አዞ ነው ያለዎት?»

«አንተ የጠየቅሁህን መልስ።»

መግለጫውን አነበበ። ፈገግታው ጠፋ።

«ይቅርታ ያድርጉልኝ እማማ... ይሄ አርጃኖ ነው፤ ውኃ ዳር የሚኖር ትልቅ እንሽላሊት። የአዞ ጀርባ እንደ ጡብ የተደረደረ ደንዳና ቅርፊት አለው፤ ይሄ እንደ ዶቃ የደቀቀ ነው። ቢጫው ነጠብጣብም የአርጃኖ ነው። እንቁላልና ጫጩት ይሰርቃል እንጂ ሰው አይበላም።»

የተክሉ ደም አልተመለሰም ማለት ነው...

ቤት እህቴ እትዬ በላይነሽ አለች። ከአልጋ ከዋለች ቆይታለች። ተክሉን አዝላ ያሳደገችው እሷ ናት፤ ስሙ በተነሣ ቁጥር «ደሙስ ተመልሷል» እያለች ነው የምትጽናናው። ይህን ነጥቄያት ምን ልሰጣት ነው? መንገዱን ሁሉ ይህንኑ ሳስብ መጣሁ። ግን ተማሪ ሲዋሽ ያላለፍሁ ሰው፣ እኔ ራሴ እንዴት ልዋሽ?

«እትዬ...» አልሁ አልጋው ጫፍ ተቀምጬ። «አባባ ያመጣው ቆዳ የአዞ አይደለም።»

«አርጃኖ ነው» አለችኝ።

ቀና ብዬ አየኋት።

«እናትሽ የቆላ ልጅ አይደለችም እንዴ? አርጃኖ ይጠፋታል? ቆዳው ገና ከበቅሎው ሳይወርድ አይታዋለች።»

«ታዲያ ምን ብላ ነው እልል ያለች?»

«የአባትሽን ፊት አላየሽማ! አዞውን ቢያጣው ምን ያድርግ? ባዶ እጁን ደጇን መርገጥ አቃተው። እልል ባትልለት ኖሮ እዚያው ደጅ ላይ ይሞት ነበር። ኋላ ጎረቤት ነጠብጣቡን ሳያይ ጭስ ይሸፍነው ብላ ከምድጃው በላይ ሰቀለችው። በርጩማውን የያዝሁላት እኔ ነኝ።»

«ለእኔስ ለምን አልነገራችሁኝም?»

«ላንቺ? አንቺ እኮ አባባንም አስቁመሽ ታርሚው ነበር!»

ሳቀች። ሳቋ ሳያልቅ ነጠላዋን ወደ ዓይኗ ወሰደች። እኔም እጇን ያዝሁ። ለካ ያ ሁሉ «ደሙስ ተመልሷል» ለእኔ ይባል የነበረ ነው...

በመጨረሻ «እውነቱን ልጻፈው?» አልኋት።

«ጻፊው። የሚያፍርበት ሰው ሁሉ አልፏል። አባባን ግን እንዳታዋርጂው።»

ዛሬ ጠዋት የፊተኛውን መግለጫ ቀድጄ ሌላ ጻፍሁ፦ «አርጃኖ። ከአዋሽ ዳር። አባታችን ስለ ልጁ ያመጣው፣ እናታችን ስለ አባታችን የሰቀለችው።» የቀረውን ጥላሸት አልጠረግሁትም።

ሦስት ጊዜ ደጋግሜ አነበብሁት... የሚታረም አላገኘሁበትም።