የሩሃማ ጊታር አጭር አንገት

የደብረ ማርቆሷን ሩሃማን ሠርግ ቤት ጊታር ስትጫወት ያላየ ይኖር ይሆናል፤ የግትርነቷን ሐሜት ያልሰማ ግን የለም። አሁን ደግሞ የምትጫወትበት ባንድ አለቃ ንጉሴ በጊታሯ መጣባት። የኤሌክትሪክ ጊታሯ አንገት ላይ የተደረደሩት ብረቶች፣ ፍሬት የሚሏቸው፣ ሃያ አንድ ናቸው። ንጉሴ ባለሃያ አራት አስመጥቶ፣ ደረቱን ነፍቶ፣ በአፍንጫው ያወራል፦

«እህቴ፣ ብረት በበዛ ቁጥር ቀጭን ድምፅ ይጨመራል! ወይ ይህን ያዢ፣ ወይ ቦታሽን ለወንድሜ ልጅ ልቀቂ።»

«ሠሪዎቹ ለሦስት ብረት ብለው ከክሩ ሥር ድምፅ የሚለቅመውን ዕቃ ወደ ታች ገፍተውታል፤ የኔ ወፍራም ድምፅ እሱ ላይ የለም። አልይዝም!»

«ቅዳሜ አምበር ከተማ ሠርግ ላይ እንተያያለን!»

ቅዳሜ ንጉሴ ሆን ብሎ ዘፋኙን ዜማውን ከፍ አስደረገው። ሩሃማ እየወጣች፣ እየወጣች፣ የመጨረሻው ብረት ላይ ደረሰች። የምትፈልገው ድምፅ ከዚያ በላይ ነው፤ ብረት ግን አለቀ። ንጉሴ ከኪቦርዱ ኋላ ጥርሱን አሳየ። እሷ ክሩን በሦስት ጣቷ ይዛ ወደ ጎን ገፋችው። ክሩ ተለጠጠ፤ ድምፁ እየተንጠራራ ወጣና ቦታው ላይ ቁጭ አለ። ሙሽራው ሳይቀር ትከሻውን ለቀቀው። «ድገሚው!» ተባለች፤ ደገመችው።

ዕቃ መኪናው ላይ ሲጭኑ ንጉሴ፣ «ጣትሽ እስኪላጥ ልትገፊ ነው?» አላት።

«ይላጣ! ጣቱ የኔ፣ ጊታሩ የኔ። የወንድምህን ልጅ ድራም አስተምረው፤ እኔ እንደሆንኩ ከዚህ ቦታ አልነሳም» ብላው እሱ ይቀመጥበት የነበረው ጋቢና ገባች። አለቃው ከኋላ ከስፒከሩ ጋር ተጣብቆ ማርቆስ ደረሰ።