ሁለተኛው የደም ምርመራ

አጎቴን ደረታቸውን ጨምድዶ ሲይዛቸው ከኮምቦልቻ ደሴ ሆስፒታል ወሰድኳቸው። የመጀመሪያው የደም ምርመራ ደህና ነው ሲባል ጫማቸውን መፈለግ ጀመሩ።

«ይቆዩ አባባ» አለቻቸው ሐኪሟ። «ልብ ሲጎዳ ምልክቱ ደም ውስጥ ቆይቶ ነው የሚታየው። ከሰዓታት በኋላ ደግመን እንለካለን፤ ከጨመረ ልብዎ ተጎድቷል ማለት ነው።»

«ወላሂ፣ ደሜ ከጣመሽማ ድገሚው!» አሉ እየሳቁ።

ጨመረ። የልባቸው ደም ስር ተዘግቶ ኖሯል። ወዲያው ታከሙና ድነው በእግራቸው ወጡ።

ከዚያ ወዲህ ለሁሉም ነገር «ደግማችሁ እዩ» ማለት ልማዳቸው ሆነ። እህቴ አንዴ አይታ «አይሆነኝም» ያለችውን ልጅ ደግማ ያየችው በእሳቸው ጉትጎታ ነው፤ ዛሬ ባሏ ነው።

አላህ ይዘንላቸውና፣ አሁን ከጁምዓ በኋላ ደሴ ሆጤ ሰፈር፣ እህቴ ቤት ስንሰበሰብ መስኮቱ ስር መደቡ ላይ ያለው ቦታቸው ባዶ ነው። እየሳቀች የምትወጣበት የእህቴ ልጅ ብቻ ናት፤ እሷን ማንም አይከለክላትም።