የቢሺያ ጠጠር

ቢሺያ የባለቤቴ የታናሽ ወንድሙ ሚስት ናት። ባሏ ከሞተ ዘጠኝ ዓመቱ። ከጓሯችን፣ ድሮ አሳማ እናረባበት በነበረው ቤት፣ ዓሣና ጎመን በአንድ ውሃ ታሳድጋለች። ዓሣው ያቆሸሸው ውሃ ከገንዳው ተስቦ ጠጠር ላይ ይፈሳል፤ ጠጠሩ ላይ የበቀለው ጎመን ይጠጣለታል፤ ውሃው ጠርቶ ወደ ዓሣው ይመለሳል። እኔ በደንብ ማስረዳት አልችልም። እሷ ግን እጇን ጠጠሩ ውስጥ ከትታ ቡናማውን ዝልግልግ እያሳየችኝ፣ «ሥራውን የሚሠራው ይኼ ነው እትዬ፤ ይኼ ከሞተ ዓሦቹ በገዛ ሽንታቸው ይመረዛሉ» ትለኝ ነበር። ያንን ዝልግልግ ለማብቀል ሁለት ዓመት ፈጅቶባታል። የመጀመሪያዎቹ ዓሦች ሲያልቁባት ዘመድ ሁሉ «ዓሣ ቀባሪዋ» እያለ ስቆባታል።

በጨረቃ አቆጣጠር በአሥራ ሁለተኛው ወር በሃያ አራተኛው ቀን፣ አዲስ ዓመት ሊገባ ሲል፣ የምድጃው አምላክ ወደ ሰማይ ይወጣል፤ አማልክቱ ሳይመለሱ ቤቱ ጥግ ሳይቀር ይታጠባል። ቢሺያ ጎመን ይዛ ገበያ ወርዳ ነበር። ባለቤቴ ጂንቱ ብሩሽና በረኪና አንጠልጥሎ ወደ ጓሮ ሲሄድ አየሁት። «ተው» ማለት ነበረብኝ። አላልኩም። እስከ ዛሬ ከሱም በላይ በራሴ እናደዳለሁ።

ስትመለስ ጠጠሩ እንደ ሩዝ ነጥቷል።

«አሳማ ሲኖርበት እንኳ እንደዚህ አልቆሸሸም» አላት ጂንቱ፣ እጅጌውን እንደሰበሰበ። «አመስግኚኝ እንጂ!»

«ጋሼ፣ በምንድን ነው ያጠቡት?»

«በበረኪና ነዋ! በምራቄ መሰለሽ?»

«አይንኩብኝ ብዬ ስንቴ ነገርኩዎት? ስንቴ!»

«በዓል ነው! በዚህ ግማት አማልክቱን ልትቀበያቸው ነው? ደሞ ውሃ ጠራ ብሎ የሞተ ዓሣ የት አለ?»

ቢሺያ ሽንታቸው እንዲቀንስ ለዓሦቹ መኖ ከለከለች፤ ውሃውን በባልዲ ትቀይር ጀመር። በሦስተኛው ቀን ግን አፋቸውን ወደ ላይ ከፍተው አየር ይለምኑ ጀመር። በማግስቱ ከሁለት መቶው ሰማንያውን ሞተው አወጣናቸው። ጂንቱ በበሩ ሲያልፍ፣ «ድሮም ደካማ ዓሣ ነበር» አለ። እንደዚህ ነው የሚለው።

ያኔ ሳፋዬ ትዝ አለኝ። ዓምና ቢሺያ ከጠጠሩ ቆንጥራ ሰጥታኝ፣ ከኩሽናው ጀርባ አራት ትንንሽ ዓሣና ትንሽ ሽንኩርት አሳድግበታለሁ። ጂንቱ «የሰነፍ ኩሬ» ይለዋል። በጽዳቱ ቀን በጆንያ ሸፍኜ ደብቄው ነበር። የራሴን ደብቄ የሷን ዝም አልኩ፤ እንዴት ብዬ እንደምነግራት አላውቅም ነበር። ሳፋውን ተሸክሜ ወሰድኩላት።

ዝልግልጉን በጣቷ ዳሰሰችው። «እትዬ! አላጠብሽውም?»

«ሰነፍ አይደለሁ?»

ሳቀች፤ ወዲያው ፊቷ ተመልሶ ጠቆረ። ዝልግልጉ እንዲራባበት ጠጠሬን ከነጩ ጋር ደባለቅነው። ሞቱ ወዲያው አልቆመም። በመጨረሻ አርባ ዓሣ ተረፈን።

በአዲስ ዓመት ዋዜማ ማታ ዓሣ የሌለበት ማዕድ የለም። ጂንቱ ከማዕዱ ራስ ተቀምጦ፣ «ዓሣውስ?» አለ። ቢሺያ ትልቁን ሳህን በሁለት እጇ አምጥታ ፊቱ አስቀመጠችና ክዳኑን አነሳች። ዝንጅብልና ሽንኩርት የተነሰነሰበት፣ አኩሪ አተር ስጎ የፈሰሰበት፣ በእንፋሎት የበሰለ ነጭ ጠጠር።

«ይብሉ ጋሼ።»

ጂንቱ ቾፕስቲኩን እንደያዘ ወደ እኔ ዞረ፤ ነገር ሲበላሽ እንዳስተካክልለት ሁልጊዜ እንደሚያየኝ።

«ብላ እንጂ» አልኩት። «ታጥቧል።»