የአባቴ ጭን ሠራተኞች

ከባጃጅ ሲወርድ የተሰበረው የአባቴ እግር ጀሶው ሲፈታለት አየሁና ክው አልኩ። ዕድሜውን ሙሉ በምድር ባቡር ወርክሾፕ ብረት ሲጎትት የኖረ ሰው ጭን ሟሙቶ የእኔን ክንድ አክሏል! እሱ ደግሞ "አቦ፣ ወንበር አምጡልኝ፤ በቃኝ" ብሎ ቁጭ አለ። ታናሽ እህቴ ልታገባ ነው፤ እጇን ይዞ ከቤት አውጥቶ እስከ መኪናው የሚሸኛት እሱ ነው። "አጎቷ ያውጣት" ሲል እንባዋ ዱብ ዱብ አለ።

"አባዬ ካላወጣኝ አልወጣም!" አለች። እሷ ደግሞ አንዴ ካለች አለች ናት።

እኔ ሳቢያን ሰፈር ትምህርት ቤት ባዮሎጂ አስተምራለሁ። አጠገቡ ተቀመጥኩና በሚገባው መንገድ ላስረዳው ሞከርኩ።

"አባዬ፣ ጡንቻህ ውስጥ አክቲንና ማዮሲን የሚባሉ ፕሮቲኖች አሉ። አክቲን ገመዱ ነው፤ ማዮሲን ጎታቾቹ። ይዘው ይስባሉ፣ ይለቃሉ፣ ፈቀቅ ብለው እንደገና ይይዛሉ። ገመዱ ራሱ አያጥርም፤ ይንሸራተታል። እግርህ የሚነሳው በዚህ ነው።"

ዓይኑ በራ። "እና የኔዎቹ የት ገቡ?"

"ሥራ ሲጠፋ ሰውነትህ ቀነሳቸው።"

"ይቀጠሩ!" አለ።

ደስ አለኝ፤ ምን ዋጋ አለው! በእነሱ ወርክሾፕ ሠራተኛ ሳይበላ ገመድ አይነካም። አባቴም ቀለቡን አስቀደመ። ጠዋት እንቁላል፣ ምሳ የግመል ሥጋ፣ ማታ ምስር። "ተነስና ሞክር" ስለው "ተይኝ እንጂ አንቺ ልጅ፣ ገና እየበሉ ነው!" ይለኛል። ጭኑ እንደቀጨጨ ቀረ፤ ቦርጩ ግን ምን ልበላችሁ፣ የሰርጉ ሱሪ አልቆለፍ አለ። እናቴ ሆዷን ይዛ ሳቀች። እኔ ግን ደሜ ፈላ።

"አባዬ፣ ምግቡ ጡብ ብቻ ነው! አንተ ካልሠራህበት ሰውነትህ ለምን ብሎ ይገነባዋል? እስካሁን አንድም የተቀጠረ የለም!"

አባቴ የወንበሩን እጀታ ጨብጦ "ኦ ኢስ!" ብሎ ጮኸ፤ የባቡር ሠራተኞቹ ከድሮ ፈረንሳይ አለቆቻቸው የወረሱት የመጎተቻ ጥሪ ነው። ብድግ አለ፣ ተመልሶ ዘጭ። ደገመው። ከዚያን ቀን ጀምሮ፣ ፀሐይዋ ሳትከር፣ ግቢያችን በ"ኦ ኢስ" ይናወጥ ጀመር። ጎረቤቶቻችን ከአጥር ማዶ ይቀበሉት ነበር። ጭኑ ከመዳፌ ሥር ጠንከር ሲል የተሰማኝ ቀን፣ ወላሂ፣ በደስታ ጮህኩ።

የሰርጉ ቀን እልልታው ቀለጠ። አባቴ ከዘራውን ለእኔ አቀበለኝና የእህቴን እጅ ያዘ። ዓይኔን ከጉልበቱ ላይ አልነቀልኩም። ሳሎኑን አቋረጡ። ደጃፉ ላይ ሲደርሱ እህቴ ዞር ብላ ቤቱን አየችና ጉልበቷ ተብረከረከ፤ አንድ እርምጃ መራመድ አቃታት።

አባቴ እግሩን ተከለና ወገቧን ያዝ አደረጋት።

"አይዞሽ ልጄ" አላት፣ "እኔን ተደገፊ።"