የሩፋይዳ ስምንት ጉድጓዶች

ሩፋይዳ ወልቂጤ ከነጋዴ ቤት ተወልዳ፣ ሒሳብ አስተማሪ ሆና ቡታጅራ ተመደበች። የአካባቢውን የመስቃን ተወላጅ ሙባሪክን አግብታ ከከተማው ዳር ከአማቷ ጋር ትኖራለች። እኔ ከአጥራቸው ማዶ ያለሁ ጡረተኛ ነኝ፤ የምጽፈው ያየሁትንና እሷው ያጫወተችኝን ነው።

አምና አማቷ ዘይባ ክንዳቸው ተሰብሮ ከእንሰት የተፋቀውን ቆጮ እንዲብላላ መቅበር አልቻሉም። ሁልጊዜ በአንድ ትልቅ ጉድጓድ ነበር የሚቀብሩት። ለምን ሲባሉ «እናቴም እንዲሁ ነበር» ይላሉ። ሥራው ለሩፋይዳ ሲተላለፍ የተሻለ መላ ያገኘች መሰላት። ለአረፋ ከአዲስ አበባ የሚገቡት የባሏ ወንድሞችና እህቶች ሲመለሱ ድርሻ ድርሻቸውን ይወስዳሉ፤ ታዲያ የአንዱ ሲከፈት የሌላውን አየር እንዳያገኘው ብላ ስምንት ትንንሽ ጉድጓድ አስቆፈረች። ቆጮው እንደሆነ ያው ነው፣ አይጨምር አይቀንስ። አየር እንዳይገባ ጉድጓዱ የሚለብሰው የእንሰት ቅጠል ግን አራተኛው ላይ አለቀ። የቀሩትን ባገኘችው ቅጠል እያሳሳች አለበሰቻቸው።

ከሳምንታት በኋላ አንዱን ስትከፍት ዳር ዳሩ ጠቁሮ፣ መሐሉ ላይ ጭብጥ የምታህል ደህና ነገር ጠበቃት። ዘይባ ቆንጥረው አሸተቱና መልሰው ጣሉት። ጎረቤቷ ሳሌሃ ደግሞ ዘንድሮ እንግዶቹ ዳቦ ገዝተው ይምጡ ብላ ሳቀች። ሩፋይዳ አብራት ሳቀች። ግን እዚህ አገር ልጆች በአረፋ ቤታቸው ገብተው ቆጮ ካጡ፣ ስሙ ለዓመታት የሚነሳው የምራቲቱ ነው።

በዚያው ሰሞን ክፍል ውስጥ የደረሰችው ይዘትና የገጽ ስፋት ላይ ነበር። ከአናጢ ቤት እኩል እኩል ተቆርጠው የመጡ ትንንሽ የእንጨት ኩቦች አሏት። ስምንቱን ሁለት በሁለት በሁለት አድርጋ ደረበቻቸው፤ ይዘቱ ስንት ነው? ስምንት። በተነቻቸው፤ አሁንስ? ያው ስምንት። ከዚያ ተማሪዎቹን ለሁለት ከፍላ፣ ለአንዱ ቡድን ስምንት የተደረቡ፣ ለሌላው ስምንት የተበተኑ ኩቦች ሰጥታ፣ በአንድ ገጽ ልክ በተቆረጠ እኩል ወረቀት አልብሱ አለቻቸው። የተደረበውን የያዙት በሃያ አራት ቁራጭ ጨረሱ። የተበተነውን ከያዙት መሐል ባሂራ የምትባል ተማሪ እጇን አወጣች።

«ቲቸር፣ ወረቀት አልበቃንም። እንጨቱ እኩል ሆኖ ወረቀቱ እንዴት እጥፍ ይሆናል?»

መልሱን ሩፋይዳ በየዓመቱ ሰሌዳ ላይ ትጽፈዋለች። ኩቦቹ ሲገጥሙ የተነካኩት ገጾች ወደ ውስጥ ይደበቃሉ፤ ሲለያዩ ሁሉም ደጅ ይወጣሉ፤ ሃያ አራቱ አርባ ስምንት ይሆናል። ያን ቀን ግን ጠመኔው እጇ ላይ ቀረ። የልጅቷ ጥያቄ ለሩፋይዳ ስለ ጓሮዋ ጉድጓዶች ነበር። አንድን ነገር ማወቅና የሚገባበትን ስፍራ ማወቅ ሁለት የተለያዩ ነገሮች ናቸው፤ በመካከላቸው ያለውን መንገድ ዕድሜ ልኩን የማይሄደው ብዙ ነው። እሷ በአንድ ከሰዓት ሄደችው።

ከትምህርት ቤት እንደተመለሰች የቀሩትን ሰባቱንም ከፈተች። የጠቆረውን እየፋቀች ጣለች፤ ደህናውን ሰብስባ፣ ጥልቀቱም ስፋቱም በተቀራረበ አንድ ጉድጓድ፣ ከየጎረቤቱ በለመነችው ቅጠል ደራርባ ቀበረችና ድንጋይ ጫነችበት። ዘይባ ክንዳቸውን አንገታቸው ላይ አንግተው በርጩማ ላይ ተቀምጠው ያያሉ። ምን እንደታያት ሲጠይቋት ኩቦቹን ከቦርሳዋ አውጥታ ፊታቸው ደረደረች። በደህና እጃቸው ለያዩዋቸው፣ ገጠሟቸው፣ ደግሞ ለያዩዋቸው።

«ለካ ቆጮው እርስ በርሱ ነው የሚሸፋፈነው» አሉ።

«እናትዎ ያውቁት ነበር ማለት ነው፣ እማ?»

«እጇ ያውቀው ነበር፣ ልጄ።»

ለአረፋ ጉድጓዱ ሲከፈት የተጣለው ከዳር ስስ ሽፋን ብቻ ነው። እንደ ሌላው ዓመት የተትረፈረፈ አልነበረም፤ እንግዶቹ ሲመለሱ የያዙት ድርሻም ቀለል ያለ ነበር። ግን ሁሉም በልተው ጠግበዋል። ሳሌሃም መጥታ ቀመሰች፤ ደገመችም።

አሁን የዘይባ ክንድ ድኗል። ትናንት በአጥሩ ቀዳዳ አየኋቸው፤ ዶማ ይዘው ጓሮው መሐል ቆመዋል። እንደ ድሮው ማንንም ሳይጠይቁ ይቆፍራሉ ስል ወደ ቤት ዞር ብለው ተጣሩ።

«ሩፋይዳ፣ ነይማ፤ የዘንድሮውን ጉድጓድ የት እናድርገው?»