ያረፈችው ጀልባ

ባሌ ጀልባ ሊገዛ መሆኑን የነገረኝ የሰባተኛ ክፍል ተማሪዎቼን የሳይንስ ፈተና እያረምኩ ሳለ ነው። ቀና ብዬ አየሁት። የሚቀልድ መስሎኝ ነበር። ዳባት ውስጥ ትልቁ ውኃ ክረምት ሲገባ መናኸሪያው በር ላይ የሚጠራቀመው ኩሬ ነው፤ እሱንም ሰው ድንጋይ በድንጋይ እየረገጠ ይሻገረዋል። ባሌ ደግሞ ዋና አይችልም። ወንዝ ሲሞላ የሚሻገረው የበቅሎውን ጭራ ጨብጦ ነው። ጀልባ ያየውም ስልክ ላይ ብቻ ነው።

«በቅሎዎቹንስ ማን ሊይዛቸው ነው?» አልኩት።

«ሸጥኳቸው» አለ።

እንግዲህ ከእንዲህ ያለ ሰው ጋር ነው አሥራ ስድስት ዓመት የኖርኩት። መጀመሪያ ይሸጣል፣ ከዚያ ያማክራል።

ባሌ ከወጣትነቱ ጀምሮ በቅሎ ጫኝ ነበር። ከደባርቅ ተነስቶ በቡይት ራስ በኩል እስከ ጨነቅ ድረስ ተራራ ሊያዩ የሚመጡ እንግዶችን ድንኳንና ስንቅ ሲያመላልስ ጉልበቱን ብርድ ጨረሰው። እንግዳውም እንደ ድሮው አይደለም፤ ተራ ሳይደርሰው የሚያልፍ ወር አለ። አብሮት ይጭን የነበረ ጓደኛው ጎርጎራ ወርዶ ጣና ላይ ዓሣ ማስገር ከጀመረ ወዲህ ደግሞ በስልክ ልቡን ያነሳሳዋል። የራስህ ጀልባ ካለህ ያሰገርከው ሁሉ ያንተ ነው፣ ጀልባ ከሌለህ ግን የሰው ቀዛፊ ሆነህ የቀን ሥራህን ሠርተህ ትገባለህ ይለዋል። ደባርቅና ዳባት ያሉ ምግብ ቤቶች በየጾሙ ዓሣ ፈልገው እንደሚያጡም እኔው ራሴ አውቃለሁ። ሐሳቡ ዕብደት እንዳልሆነ ገባኝ፤ መናደዴን ግን አልተውኩም። ከሁለቱ በቅሎዎች ሌላ ንብረት አልነበረንም። የምንገዛት ጀልባ ካልሆነች ሌላ የምንገዛበት የለንም። ያኔ ባሌ በዚህ ዕድሜው የሰው ጀልባ ሊቀዝፍ ነው። ኩራቱን ስለማውቀው፣ ያ ከሆነ አንገቱን ደፍቶ ዳባት እንደማይመለስ አውቃለሁ። የፈራሁት ይህንን ነበር።

አዲስ ትሁን ወይስ ያገለገለች የሚለው ክርክር ሁለት ሳምንት ቤቴን አመሰው። በእጃችን ያለው ብር ደህና ያገለገለች ጀልባ ይገዛል፤ ለአዲስ ግን ጠቀም ያለ ጭማሪ ይፈልጋል፣ እሱም ከየትም አይመጣም። ጀልባ በዓይኑ አይቶ የማያውቅ ሰው ሁሉ እየመጣ መከረን። ጎረቤታችን የጎንደር መስመር የሚኒባስ ሹፌር ነው። ያገለገለ ስትገዙ ሞተሩን አስነስታችሁ ስሙት አለን። ሞተር እንደሌላትና በመቅዘፊያ እንደምትሄድ ስነግረው ትንሽ አሰበና «እንግዲያው ፍሬኗን እዩ» አለኝ። አመስግኜ ሸኘሁት። ምን እላለሁ?

ከሁሉ በላይ የከበዱኝ ግን የባሌ አባት ናቸው። ዕድሜያቸውን ሙሉ ቅኔ ያስተማሩ ሰው ናቸውና እኔም ልጃቸውም አገሩም የኔታ እንላቸዋለን። ከቅኔው ቀጥሎ የሚታወቁት በበቅሎ ዐዋቂነታቸው ነው። እሳቸው ሳያዩለት ደባርቅ ገበያ ላይ በቅሎ የገዛ ዘመድ የለንም። ጥርሷን ያያሉ፣ ኮቴዋን ያነሳሉ፣ ጀርባዋን በመዳፋቸው ይዳብሳሉ፤ ከዚያ ወይ «ትሁን» ይላሉ፣ ወይ ጃንጥላቸውን ብድግ አድርገው ይሄዳሉ። ሲሳሳቱ ታይተው አያውቁም። ስለዚህ ማንም ተሳሳቱ ብሏቸው አያውቅም።

የጀልባውን ነገር ሲሰሙ ሦስት ቀን ሙሉ ገሠጹን። ዓሣ በጾም አይበላም፣ የሚበላውም የሚያበላውም ያው ነው አሉ። ባሌ ሐዋርያትም ዓሣ አጥማጆች ነበሩ ብሎ ሊከራከር ሞከረ።

«ሐዋርያትስ መረባቸውን ጥለው ጌታን ተከተሉ። አንተ በቅሎህን ጥለህ መረብ ልትከተል ነው» አሉት።

ደስ ብሎኝ ነበር፤ ነገሩ በዚያው የሚቀር መስሎኝ። በአራተኛው ቀን ጠዋት ግን የኔታ ጥምጣማቸውን አሳምረው፣ ጋቢያቸውን ደርበው፣ መቋሚያና ጃንጥላ ይዘው ከበራችን ቆሙ።

«መቼ ነው የምንሄድ?» አሉ።

ሁለቱን ብቻቸውን መልቀቅ አልሆንልሽ አለኝና እኔም ተነሳሁ። ጎንደር ደርሰን፣ ሌላ ሚኒባስ ይዘን ጎርጎራ ወረድን። ወበቁ የኔታን አላስጨነቃቸውም፤ ጋቢያቸውን እንኳ አልገፈፉም። የባሌ ጓደኛ አስቀድሞ ጠይቆልን ስለነበር የሚሸጡ ሦስት ጀልባዎች እንዳሉ ነግሮን ወደ ዳርቻው ወሰደን።

የመጀመሪያዋ አዲስ ናት፤ አናጢው ቤት ደጃፍ ላይ ሳንቃዋ ገና ይሸታል። የባሌ ዓይን እሷ ላይ ቀረ። ዋጋዋ ከአቅማችን በላይ ቢሆንም ክፍያውን ቀስ እያልክ ትጨርሳለህ ብሎት ነበር አናጢው። የኔታ አንድ ጊዜ ዞሯትና «ገና ያልተገራች ናት። ለጀማሪ ያልተገራ አይሰጥም» አሉ። ባሌ ተከትሏቸው ሄደ።

ሁለተኛዋ ውኃው ላይ ነበረች። ጠቁራለች፣ ጠርዟ ተልጧል፣ ቅርፊት በቅርፊት ሆናለች፤ ባለቤቱ ዓሣ እያወረደባት ነው ያገኘነው። የኔታ ከዳር ሆነው አዩዋትና ፊታቸውን አዞሩ። «ይህችንስ ጫና ጨርሷታል» አሉ።

ሦስተኛዋ ዋርካ ሥር ተደፍታ ነበር። ባለቤቷ ሽማግሌ አሥጋሪ ነው፤ ወገቡ እምቢ ካለው ወዲህ ሁለት ዓመት ውኃ አላየችም። አረንጓዴ ቀለሟ አልተነካም፤ ንጹሕ ናት፣ ደረቅ ናት፣ ጥላ ሥር ነው የተቀመጠችው። የኔታ ሦስት ጊዜ ዞሯት። ሆዷን በመዳፋቸው ዳበሱት። በመቋሚያቸው ቆርቆር አደረጓትና ጆሯቸውን አዘነበሉ። ከዚያ ፊታቸው ሲፈካ አየሁ።

«ይህች ያረፈች ናት» አሉ።

እኛ አገር ክረምቱን ከጫና አርፋ መስከረም ላይ የምትወጣ በቅሎን የመሰለ የለም። ያን የማያውቅ የበቅሎ ገዢ የለም። የኔታ የሚናገሩት ነገር ሁሉ እኮ ልክ ነው። በበቅሎ ቢሆን ኖሮ።

ባለ ጀልባው ራሱ ሊያስጠነቅቀን ሞከረ። «አባ፣ እንጨት ነው፣ ደርቋል። ሁለት ሦስት ቀን ውኃ ውስጥ ትነከር፣ ከዚያ እዩዋት። እኔ አልቸኩልም» አለ።

የኔታ ወደ ጎን ወሰዱን። «ሰማችሁ? በቅሎ ሻጭም እንዲሁ ነው። ሁለት ቀን ስጡኝ ካለ ጨው አልሶ፣ ውኃ አጠጥቶ ሆዷን ሊነፋ ነው። አሁኑኑ እንደቆመች ነው መግዛት» አሉ።

ሰውየው እውነቱን ነው። ይህን ለማወቅ ጣና ዳር መወለድ አያስፈልግም። ቤቴ ያለው የእንጨት ገበታ በበጋ ሥራ ፈትቶ ሲከርም ይሰነጠቃል፤ ውኃ ሞልቼ አሳድረዋለሁ፣ ያብጥና ይገጥማል። ማንኛዋም ሴት የምታውቀው ነው። ወደ ባሌ ጠጋ አልኩና «ደርቃለች፤ ታፈሳለች» አልኩት።

«አውቃለሁ» አለኝ።

«ታዲያ ንገራቸው።»

«አንቺ ንገሪያቸው።»

በዚያች ቅጽበት ባሌን ጠላሁት ብል ውሸት አይደለም። አርባ ዓመት ያለፈው ሰው ነው፤ ያለን ሁሉ በዚያ ዋርካ ሥር ሊቀር ነው፤ እሱ ግን አባቱ ፊት ቆሞ መሬት መሬት ያያል። እኔም ብሆን የተሻልኩ አልነበርኩም። ሳል አደረግሁና «የኔታ፣ ሰውየው ያለው እውነት ቢሆንስ?» አልኩ።

«ልጄ፣ አንቺ ስንት በቅሎ ገዝተሻል?»

«አንድም።»

«እህ» አሉ፣ በፍቅር። ክፍል ውስጥ ያወቃችሁትን እጃችሁን አውጥታችሁ ተናገሩ እያልኩ ጉሮሮዬን የማደርቀው እኔው ነኝ፤ እዚያ ጋ ግን አንገቴን ሰብሬ ቆምኩ። ጀልባዋ ተገዛች።

በዚህም አላበቃም። የበቅሎ ገዢ የገዛትን በቅሎ ሻጩ ሳይሄድ እዚያው ይቀመጥባታል፤ ነውር ካላት ሰውየው ፊት እንዲወጣ ነው። መጀመሪያ የሚቀመጠውም ታላቅ የሆነ ነው። የኔታ ጫማቸውን አወለቁ። ባለ ጀልባው ለመናቸው፣ ቆየት ይበሉ አላቸው፤ በለመናቸው ቁጥር ጥርጣሬያቸው በረታ። ጀልባዋ ተገልብጣ ወደ ውኃው ተገፋች፣ የኔታ ገቡና መሐሏ ላይ ተቀመጡ፣ ጃንጥላቸውን ዘረጉ። ባሌ ከኋላ መቅዘፊያ ይዞ ገባ። አንድ ቀን እንኳ ቀዝፎ አያውቅም።

ሃያ ርምጃ ያህል ሄዱ። ከዚያ ባሌ መቅዘፉን ትቶ በባርኔጣው ውኃ መቅዳት ጀመረ። አንዱን ስንጥቅ በእግሩ ሲረግጥ በሌላው ይገባል። የኔታ አልተነቃነቁም። ውኃው ጉልበታቸው ላይ ደረሰ፣ ጋቢያቸው ተንሳፈፈ፣ ወገባቸው ላይ ደረሰ፤ እሳቸው ጃንጥላቸውን እንደያዙ ፊት ለፊት ያያሉ። እየሮጥኩ ውኃው ውስጥ ገባሁ፤ ጫማዬ ጭቃው ውስጥ ቀረ። ባለ ጀልባውና የጥቁሯ ጀልባ ባለቤት ቀደሙኝ። ደግነቱ ውኃው ከደረት አያልፍም ነበር። የኔታን አዝለው አወጧቸው፣ ባሌንም ጎትተው አመጡት። ጀልባዋ ዝቅ ብላ ተቀመጠች፤ የሚታየው አረንጓዴ ጠርዟ ብቻ ነው።

አሸዋው ላይ ተቀምጬ አለቀስኩ። ከሐዘን ይልቅ ንዴት ነበር። ሁለት በቅሎ ውኃ በላቸው። ባለ ጀልባው ግን ምንም እንዳልሆነ ሁሉ የራሱን ጋቢ እየጨመቀ «እንግዲህ ተዉአት፣ ሦስት ቀን እንዲሁ ትተኛ» አለ። ባሌ ሊጠብቃት ቀረ። እኔና የኔታ ተመለስን። ደረቅ ልብስ ቢያመጡላቸው የሰው ልብስ አልለብስም አሉ። ያንን እርጥብ ጋቢ ተከናንበው ጎንደር ድረስ፣ ከዚያም ሽቅብ ወደ ዳባት ብርድ ወጡ። አጠገባቸው ተቀምጬ ሲንቀጠቀጡ አየሁ። አሁንም አንድ ቃል አልተናገርኩም።

በሦስተኛው ቀን ከትምህርት ቤት ስወጣ ልጠይቃቸው ሄድኩ። ከደጃቸው ነፋሱ ላይ ተቀምጠው ይስላሉ። ደረታቸው ሲያፏጭ ከአጥር ውጭ ይሰማል። የመጣው ጠያቂ ሁሉ እግዜር ይማርዎ ብሎ ሄዷል። እሳቸው ብርድ ነው፣ ያልፋል ብለዋላ፤ ማን ይከራከራቸዋል?

እዚያው ሳለሁ ባሌ ደወለ። ጀልባዋ አብጣ ገጥማለች። ውኃዋን ቀድተው አውጥተው ከጓደኛው ጋር ቀዝፈዋት ገብተዋል፣ ጠብታ አላስገባችም፤ ዓሣም ይዘዋል። ድምፁ ሰምቼው የማላውቀው ዓይነት ደስታ ነበረው። ስልኩን ለየኔታ ሰጠኋቸው። አዳመጡ፣ መረቁት፣ መለሱልኝ።

«ያረፈች ናት አላልኩም?» አሉ።

ያኔ ነው የቆረጥኩት። «የኔታ፣ እኔ አውቅ ነበር» አልኳቸው። «ደርቃ እንደነበር፣ እንደምታፈስ፣ ዋርካው ሥር ቆመን ሳለን አውቅ ነበር። ልጅዎም ያውቅ ነበር። ባለቤቷም ነግሮን ነበር። ውኃው ጥልቅ ቢሆን ኖሮ ሁለታችሁንም ቀብሬ ነበር የምመለስ። አንቱን አክብሬ ልገድልዎ ነበር።» ድምፄ ከፍ ብሎ ነበር። ጎረቤት ሰምቶ ይሆናል።

ሳሉና አፋቸውን በጋቢያቸው ጫፍ ጠረጉ።

«እግሬን እንዳስገባሁ ነው እኔም ያወቅሁት» አሉ። «ወለሏ ርሶ ነበር።»

«ታዲያ ለምን አልወረዱም?»

«ውረድ የሚለኝ ስጠብቅ ነበራ።» መቋሚያቸውን ከአንዱ እጅ ወደ ሌላው አዛወሩት። «እናታችሁ ካረፈች ወዲህ ተው የሚለኝ አጣሁ፣ ልጄ። እሷ ብትኖርማ ገና ከዚህ ሳንነሳ፣ አንተ ሽማግሌ ጀልባ ምንህ ነው፣ ቁጭ በል ትለኝ ነበር። እናንተ ሁላችሁም እሺ ነው የምትሉኝ።»

ደረታቸው ያፏጫል። ጤና ጣቢያው ሊዘጋ ትንሽ ቀርቶታል።

«ይነሱ» አልኳቸው። «ጤና ጣቢያ እንሄዳለን።»

«ብርድ ነው ብያለሁ። ያልፋል።»

«ብርድ አይደለም። ይነሱ፣ የኔታ።»

ቀና ብለው አዩኝ። የሚቆጡ መስሎኝ ነበር። ከዚያ እንዳነሳቸው እጃቸውን ዘረጉልኝ።