የተኛው ሲሊንደር

ሾፌሩ መኪና ከማስነሳቱ በፊት ዙሪያውን ይዞራል። ጎማዎቹን በጫማው አፍንጫ መታ መታ ያደርጋል፣ የተጎታቹን መንጠቆ ይነቀንቃል፣ የኋላ መብራቱን ገመድ ሳብ አድርጎ ያያል። መጨረሻ ላይ ከተጎታቹ ፊት፣ መጎተቻው ብረት ላይ ወደተበየደው ቅርጫት ይሄድና እዚያ የቆሙትን የቡታ ጋዝ ሲሊንደሮች አንድ በአንድ ይጨብጣቸዋል። ቀበቶው ጠብቋል? ቫልቩ ተዘግቷል? የቫልቩን አፍ የሚደፍነው የናስ ቡሽ ገብቷል? ከዚያ በኋላ ነው ወንበሩ ላይ ወጥቶ፣ ወገቡን በሁለት እጁ ደግፎ፣ ረጅም ትንፋሽ የሚያወጣው። አብሯቸው የሚሠራው መንገድ ቀያሾች “ቀስታ” የሚል ስም ያወጡለት ለዚህ ነው። ሲጠሩት አይቆጣም። መቆጣትም ጉልበት ይጠይቃል ይላል።

ወጣትነቱን የጨረሰው ከባድ መኪና ላይ ነው። ልጆቹ ሲወለዱ አንዳቸውንም በዕለቱ አላየም፤ ወሬው የሚደርሰው ነዳጅ ማደያ ላይ ነበር። አሁን የሚጎትተው ቤት ነው፤ ነጭ ቀለሟ የተላላጠ፣ ግማሿ ወጥ ቤት ግማሿ ማደሪያ የሆነች ተጎታች። የቅየሳ ቡድኑ ከከተማ ርቆ ይሰፍራል፣ መንገዱን ለክቶ ሲጨርስ ነቅሎ ወደሚቀጥለው ይሄዳል። ሥራው ከድሮው ይቀላል። እሱን ግን ከድሮው ይበልጥ ይደክመዋል። ተኝቶ ሲነሳ ሲነዳ ያደረ ይመስለዋል።

የቡድኑ ምግብ አብሳይ የሚስቱ ታናሽ እህት ናት። ባሏ ሲሞትባት ለቡድኑ አለቃ ለመሐንዲሱ ነግሮ ያስቀጠራት እሱ ነው። ቀያሾቹ እትዬ ይሏታል። እሷ ሾፌሩን ዋርሳዬ ትለዋለች፣ እሱም ዋርሳዬ ይላታል፤ ከሁለቱ የትኛው እንደተጠራ ለማወቅ ሰው ዞር ብሎ ማየት አለበት። ድምጿ የጎላ ሴት ናት። ድስት ስታማስል ታወራለች፣ ስታወራ ትስቃለች፣ ስትስቅ ማማሰያዋን ሰው ላይ ትቀስራለች። አንድ ነገር ብቻ አስቸግሯታል፤ ቀኝ ጉልበቷ አይታጠፍላትም። ጋቢና ውስጥ ግማሽ ቀን ከተቀመጠች ጉልበቷ ተነፍቶ፣ በማግስቱ ምድጃ ፊት መቆም አትችልም።

ስለዚህ የምትሄደው ተጎታቹ ውስጥ ነበር። ረጅሙ አግዳሚ ወንበር ላይ ጋደም ብላ፣ እግሯን ትራስ ላይ ዘርግታ። ደንቡ ይከለክላል። መሐንዲሱ ደንቡን ያውቀዋል፤ እትዬ ወደ ተጎታቹ ስትወጣ ካርታው ውስጥ አንድ የሚፈልገው ነገር አያጣም። ሾፌሩ ደግሞ የሚጎተት ቤት ምን እንደሚሆን ከሁሉም ይበልጥ ያውቃል፤ መንጠቆ ሲበጠስ በዓይኑ አይቷል። ግን ካልተጋደመች አትጓዝም፣ ካልተጓዘች ሥራዋን ትለቃለች፣ ከለቀቀች ሁለት ልጆቿ ትምህርት ያቆማሉ። በሩን ራሱ ይዘጋላትና እንደወትሮው አዝግሞ ይነዳል።

በዚህ ቡድን ውስጥ ሲሊንደር “ባዶ” አይባልም፣ “ተኝቷል” ነው የሚባለው። ቋንቋው የመጣው ከቅርጫቱ ነው። ቅርጫቱ የሚይዘው ሁለት ሲሊንደር ነው፤ አንዱ ከምድጃው ቱቦ ጋር የተያያዘው፣ ሌላው ትርፉ። አንዱ ሲያልቅ አውርደው ተጎታቹ ውስጥ ከአግዳሚው ሥር ያስተኙታል፣ በቦታው አዲስ ያቆማሉ። ስለዚህ የቆመ ሙሉ ነው፣ የተኛ ያለቀ ነው። ሻይ ሲዘገይ ቀያሾቹ “እትዬ፣ ተኛ እንዴ?” ብለው ይጠይቃሉ፤ እሷም ገብቷት “አልተኛም፣ እያዛጋ ነው” ትላለች።

ሾፌሩ ይህን ልማድ አይወደውም። ያለቀ የሚባል ሲሊንደር ሆዱ ውስጥ ሁልጊዜ ጥቂት ይቀረዋል። እሱም መዘጋት፣ መቆም፣ መታሰርና ውጭ መሆን አለበት። ይህን ደጋግሞ ተናግሯል። መሐንዲሱም በደንብ አድርጎ አስረድቷል፤ ሲሊንደር ሲጋደም ፈሳሹ ወደ ማስተንፈሻው ይመጣል፣ ሙቀት ሲያገኘው የሚወጣው እንፋሎቱ ሳይሆን ፈሳሹ ነው፣ ጥቂቱ ፈሳሽ ደግሞ ቤት የሚሞላ ጋዝ ይሆናል። ሁሉም በእሺታ ራሱን ነቀነቀ። ከአግዳሚው ሥር ያለው ግን እዚያው ተኝቶ ቀረ። ተጎታቹን የሚስበው ፒክአፕ ላይ እንዳይጫን ደግሞ ጭነቱ ጄኔሬተሩና የቤንዚን ጄሪካኖቹ ናቸው።

ወደ ደጋው የሥራ ቦታ ሊዛወሩ በነበሩበት ጊዜ መሐንዲሱ አንድ ተጨማሪ ሲሊንደር ገዛ። እዚያ ብርድ ነው፣ ሱቅ የለም። ሾፌሩ ከአግዳሚው ሥር የነበረውን ባዶ ለነጋዴው መልሶ አዲሱን ከከተማ አምጥቶ ወጥ ቤቱ ደጃፍ ላይ ሲያወርድ ዋርሳውን ጠራትና የሰለቻትን ነገር እንደገና ነገራት፤ ያለቀም ይሁን ያላለቀ ይቁም፣ ይታሰር፣ ውጭ ይሁን። እሷም የሰለቸውን መልስ መለሰችለት። አንተ ሲሊንደር ማግባት ስትችል እህቴን ለምን አስቸገርካት አለችው።

በማግስቱ ጠዋት ሲነሱ ሾፌሩ ወገቡ ተይዞ ነበር። ድንኳኑን ነቅለው፣ የመለኪያ መሣሪያውን ሳጥን ጋቢና ውስጥ አስገብተው፣ ውሃውን ጭነው ሲጨርሱ ፀሐይ ከፍ ብላለች፣ መንገዱ ረጅም ነው። ጎማዎቹን አየ፣ መንጠቆውን ነቀነቀ። ቅርጫቱ ጋ ሲደርስ ሁለት ሲሊንደሮች ቀጥ ብለው ቆመዋል፣ ቀበቶውም ጠብቋል። እጁን ዘርግቶ ሳይነካቸው መለሰው። ለመጨበጥ ማጎንበስ ያስፈልጋል። ዋርሳው በተጎታቹ መስኮት እያየችው ነበር።

“ሲሊንደሮቹስ?” አላት።

“ሁለቱ ቆመዋል፣ አንዱ ተኝቷል” አለችው። “ጠቅልዬዋለሁ፣ አይንኳኳም።”

ያው እንደለመደችው ባዶውን አስተኝታዋለች ብሎ አሰበ። ትናንት የተናገረው በአንድ ጆሮዋ ገብቶ በሌላው ወጥቷል። አስወርዶ ሊያስነሳው ይገባ ነበር፤ ነገር ግን ክርክሩ ገና ሳይጀመር ታከተው። ለአንድ ቀን ነው አለና በሩን ዘጋላት።

መንገዱ አስፋልት የሌለው ፒስታ ነው። ተጎታቹ ከኋላ ይንገጫገጫል፣ አቧራው መስተዋቱን ሸፍኖታል። መሐንዲሱ ከፊት ተቀምጧል። ከኋላ ከመሣሪያው ሳጥን ጋር የተቀመጠው ዘንጎ የሚሉት ቀያሽ ነው፤ የመለኪያውን ዘንግ የሚይዝ፣ ራሱም ከዘንጉ እምብዛም የማያጥር ሰው። ጉልበቱ አገጩ ሊደርስ ምንም አልቀረውም። ዘንጎ ዝምታ አይችልም። ፀሐይዋ አናት ላይ ስትወጣ፣ ወሬ አልቆበት፣ ስለ ጠዋቱ ሥራ ማውራት ጀመረ። ቁርስ ላይ ጋዙ እንዳለቀ፣ እትዬ ቱቦውን ወደ ትርፉ እንዳዞረች፣ እሱም እንደ ልማዱ ያለቀውን አውርዶ ሊያስተኛ ተሸክሞት እንደነበር ተረከ። እትዬ ግን በማማሰያዋ መልሳዋለች። የዋርሳዬን ንዝንዝ ከምሰማ ባዶውን አቁመህ እሰር ብላዋለች።

“እኔማ አልኳት” አለ ዘንጎ እየሳቀ፣ “እትዬ፣ ዛሬ ነገሩ ሁሉ ተገለበጠ። ባዶው ቆሞ ሙሉው ተኛ።”

ሾፌሩ እግሩን ከነዳጁ አነሳ። ፍሬን አልያዘም፤ መኪናው በራሱ እስኪዘገይ ድረስ ጠበቀ፣ ከመንገዱ ዳር አውጥቶ አቆመ፣ ሞተሩን አጠፋ። መሐንዲሱ አየው፣ ከዚያ ወደ ኋላ ዞረ፤ ማስረዳት አላስፈለገውም። ሾፌሩ ዘንጎን ከጆሮው ላይ የሰካውን ሲጋራ መኪናው ውስጥ ትቶ ወደ ፊት፣ ራቅ ብሎ እንዲሄድ ነገረው። ዘንጎ ለመጀመሪያ ጊዜ ሳያወራ ሄደ።

የተጎታቹን በር ቀስ ብሎ ከፈተው። ሽታው ከታች ነው የመጣው። ይህ ጋዝ ከአየር ይከብዳል፣ ወለል ለወለል ነው የሚሄደው። ዋርሳው ከዚያ በላይ፣ አግዳሚው ላይ፣ እግሯን ዘርግታ ታንኮራፋለች። ራስጌዋ ላይ የመብራቱ ማብሪያ አለ። ከእንቅልፏ በነቃች ቁጥር መጀመሪያ የምታደርገው እሱን መጫን እንደሆነ ያውቃል።

“ዋርሳዬ” አላት፣ እንደማንኛውም ቀን።

ማንኮራፋቱ ቆመ። “ደረስን?”

“አልደረስንም። እጅሽን ደረትሽ ላይ አድርጊው። መብራት አትንኪ፣ ስልክም አትንኪ። ተነሺና ወደ እኔ ነይ።”

“ምን ሆነ?”

“ነይ፣ ውጭ እነግርሻለሁ።”

ሽታው ደረሳትና ፊቷ ተለወጠ። እግሯን በሁለት እጇ አንስታ ወደ ወለሉ አወረደች፣ አግዳሚውን ይዛ ቆመች። ጉልበቷ እንደ እንጨት ደርቋል። ከአግዳሚው እስከ በሩ ያለው ቦታ ጠባብ ነው፤ ሌላ ሰው በአንድ ዝላይ ይወጣዋል። እሷ ግን እግሯን እየጎተተች፣ እጇን ከደረቷ ሳታነሳ መጣች። ሾፌሩ በሩ ላይ እጁን ዘርግቶ ይጠብቃል። ከዚህ ሁሉ የከበደው ነይ እያለ አለመጮሁ ነበር። ብብቷ ሥር ይዞ ሲያወርዳት ወገቡ ቀጭ አለ፣ ግን አልለቀቃትም። መሐንዲሱ ተቀብሎ ነፋሱ ወደሚመጣበት በኩል ወሰዳት።

መስኮቶቹን ከውጭ ከፈቱ፣ ቆመው ጠበቁ። ከዚያ ሾፌሩ ትንፋሹን ይዞ ገባ። ሲሊንደሩ በብርድ ልብስ ተጠቅልሎ፣ ራሱ የአግዳሚውን እግር ተደግፎ ተኝቷል። መንገዱ ሲያንገጫግጨው የቫልቩ እጀታ ከብረቱ ጋር እየተፋተገ ትንሽ ተከፍቷል። ቡሹም አልገባበትም። እጀታውን አጥብቆ ዘጋ፣ ሲሊንደሩን አቁሞ ታቅፎ ወጣና ሜዳው ላይ አርቆ አስቀመጠው። ትንሽ ቆይቶ ጋዝ እንዳያፈስ ለማየት ቫልቩን የሳሙና አረፋ ቀባው። አረፋው ሳይነፋ እንደተቀባ ቀረ።

ዋርሳው ድንጋይ ላይ ተቀምጣ ነበር። “ተኝቷል ብዬሃለሁ እኮ” አለች፣ ሳትጮህ።

“ብለሽኛል።”

“ባዶው ይቁም ያልከው አንተ ነህ።”

“እኔ ነኝ።”

የሚወቀስ ሰው ቢኖር ይቀላቸው ነበር። መሐንዲሱ ተጎታቹ እስኪናፈስ ድረስ ወዲያ ወዲህ ሲል ቆየና ሙሉውን ቅርጫቱ ውስጥ አስገብተው ባዶውን ከቅርጫቱ ጎን መጎተቻው ብረት ላይ አቁመው አስረው ትንሽ ወደፊት ካለው ጎሚስታ ዘንድ በአደራ እንዲያስቀምጡት ሐሳብ አቀረበ። ጥሩ ሐሳብ ነው። ሾፌሩ ተስማማ፣ ቱቦውን አየ፣ ቀበቶውን አጠበቀ፤ አሁን ግን ሦስቱንም ጨበጣቸው። ዋርሳው ነገሩ ያለቀ መስሏት ተነስታ ወደ ተጎታቹ በር አዘገመች።

“ወደዚያ አይደለም” አላት።

“እንግዲህ ተናፍሷል፣ ሽታው ጠፍቷል።”

“ከእንግዲህ ተጎታቹ ውስጥ ሰው አይሄድም።”

ወደ መሐንዲሱ ዞረች። መሐንዲሱ መሬት መሬት እያየ ደንቡም የሚለው ይህንኑ ነው አለ። እትዬ ሾፌሩን አየችው፤ ያለው ነገር ምን ማለት እንደሆነ ከእሷ ቀድሞ እንደገባው ከፊቱ አነበበች። ጉልበቷን በመዳፏ አሸት አሸት አደረገች።

“መሐንዲሱ ጭን ላይ ነዋ የምቀመጠው” አለች። የሳቀ የለም፣ እሷም አልሳቀችም።

የፊተኛውን ወንበር እስከ መጨረሻው ወደ ኋላ ገፉላት፤ መሐንዲሱ ከዘንጎ ጋር ከኋላ ተጣጥፎ፣ ሳጥኑን ታቅፎ ተቀመጠ። ሾፌሩ ከመቼውም ይበልጥ ቀስ ብሎ ነዳ። ጉድጓድ በመጣ ቁጥር ወንበሯን አጥብቃ ትይዛለች፤ እሱም ሳያይ ያውቃል። ሰፈሩ ሲደርሱ ገና ብርሃን ነበር። እግሯን ከመኪናው ለማውረድ ሁለት ሰው ፈለገች። ያን ቀን እራት የሠራችው ወንበር ላይ ተቀምጣ፣ ድስቱን ጭኗ አጠገብ ባለ በርሜል ላይ አድርጋ ነው። ምግቡ እንደወትሮው ጣፋጭ ነበር።

ሲነጋ ጉልበቷ ከጭኗ እኩል ሆኖ ነበር። ሾፌሩ ውሃ ሊቀዳ ሲነሳ ሻንጣዋን በሩ ላይ አገኘው። ሁለት ሦስት ቀን እረፊ፣ ይበርድልሻል አላት። የሚቀጥለው ሰፈርስ አለችው። ከዚያ ቀጥሎ ያለውስ። ለልጆቹ ነገር አንድ መላ እንፈልጋለን፣ ከእህትሽ ጋር እንነጋገራለን አላት፤ እሷም እሺ አለችው፣ እንዳይከፋው።

ወደ ከተማው ይዟት ሄደ። አውቶቡሱ ውስጥ ኋላ፣ እግር የሚዘረጋበት ወንበር ለመነላትና አገኘላት። በመስኮቱ “ዋርሳዬ፣ ለእህቴ ስትደውል መንገዱ አስጠላት በላት” አለችው። እንዲህ ብዬ አልዋሻትም አላት። አውቶቡሱ ሲነሳ እጁን አላወዛወዘም፤ ወገቡን ደግፎ ቆሞ አየው።

ውሃውን ይዞ ሲመለስ ቀያሾቹ ከሥራ ገብተው ተጎታቹ ደጃፍ ላይ ተቀምጠዋል። የሚያበስል አልነበረም። ሾፌሩ ቅርጫቱ ጋ ሄደ፣ ጎንበስ ብሎ ሲሊንደሮቹን ጨበጠ፣ ቫልቩን ከፈተ፣ ገብቶ ምድጃውን ለኮሰ። ድስቱን ጣደ፣ ውሃው ፈላ፣ ሩዙን ጨመረ። ከዚያ ቆመ። ጨዉን የት እንደምታስቀምጠው አያውቅም። ዘንጎን ጠየቀው፣ እሱም አያውቅም። መሐንዲሱም ተነስቶ ገባና ሦስቱም ቁም ሳጥኖቹን አንድ በአንድ እየከፈቱ መፈለግ ጀመሩ።